ዌብሁክን እንደ መዝገብ ማመን

ሁለት አገልግሎቶችን ማገናኘት ዛሬ ቅጽ ከመሙላት የማይበልጥ ሥራ ተደርጎ ይታያል። የተቀባዩን አድራሻ መለጠፍ፣ ሄደሩ ላይ ቶክን ማስገባት፣ የሚላከውን ጄሰን ተቀባዩ በሚፈልጋቸው ስሞች ማበጀት፣ ከዚያ «ሞክር» የሚለውን መጫን፤ አረንጓዴ ምልክት ከመጣ ሥራው አለቀ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ክፍያው፣ ትዕዛዙ፣ የደንበኛው ምዝገባ ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው ይፈሳል፤ ተቀባዩም የመጣለትን ሁሉ እንደ እውነት ወደ ዳታቤዙ ይገለብጣል። ጄፍ ሊንዚ እ.ኤ.አ. በ2007 ዌብሁክ የሚለውን ስም ሲያወጣለት ሐሳቡ ቀላልና ጠቃሚ ነበር፦ አንድ ነገር ሲፈጠር፣ ፈላጊው ደጋግሞ ከሚጠይቅ ባለቤቱ ይንገረው። መንገር ግን አንድ ነገር ነው፤ መዝገብ ማስተላለፍ ሌላ። ሁለቱን አንድ አድርጎ የያዘው የዘመኑ ልማድ ስህተት ነው፤ ስህተቱም ቅንብሩን በማሻሻል ብቻ አይታረምም። ዌብሁክ ተቀባዩን ይቀስቅስ፤ እውነቱን ግን ተቀባዩ ራሱ ምንጩን ጠይቆ ያግኝ።

ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ላኪዎቹ ራሳቸው በሰነዶቻቸው ጽፈውታል። ጊትሃብ ተቀባዩ በ10 ሰከንድ ውስጥ ካልመለሰ ግንኙነቱን ይዘጋል፤ ያልተሳካውንም መልእክት በራሱ ጊዜ ደግሞ አይልክም። ስትራይፕ እስከ 3 ቀን ድረስ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ነገር ግን ኩነቶቹ በተፈጠሩበት ቅደም ተከተል እንደሚደርሱ ዋስትና አይሰጥም፣ አንዱ መልእክት ከአንድ ጊዜ በላይ ሊመጣ እንደሚችልም ያስጠነቅቃል። ሾፒፋይ የሚጠብቀው 5 ሰከንድ ነው፤ በዌብሁክ ብቻ ከመተማመን ይልቅ መረጃውን በየጊዜው እየሳቡ ማስታረቅን ይመክራል። ይህን ሁሉ ከተናገሩ በኋላ መልእክታቸውን እንደ መጨረሻ ቃል የሚመዘግብ ሥርዓት፣ ማንም ባልገባለት ቃል ላይ የቆመ ነው።

ጉዳዩ የላኪዎቹ ስንፍና አይደለም፤ ከአሠራሩ የሚመነጭ ነው። ላኪው መልእክቱን በፖስት ይልካል፤ ተቀባዩ ክፍያውን ይመዘግባል፤ «200» የሚለው መልስ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ላኪው የሚያውቀው መልስ አለመምጣቱን ብቻ ስለሆነ እንደገና ይልካል፤ የደንበኛው ሒሳብም ሁለት ጊዜ ይሞላል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤችቲቲፒ ደንብ፣ አርኤፍሲ 9110፣ ፖስትን ቢደገም ውጤቱ አይለወጥም ከሚባሉት ዘዴዎች ጋር አልቆጠረውም። ተቃራኒውም አለ፦ ተቀባዩ አስቀድሞ «200» ይመልስና ገና ሳይመዘግብ ይወድቃል፤ ላኪው ግን ሥራው እንዳለቀ ቆጥሮ መልእክቱን ይተወዋል። የ5 እና የ10 ሰከንዱ ገደብ ደግሞ ጠንቃቃውን ባለሙያ መጀመሪያ መልስ ሰጥቶ በኋላ እንዲሠራ ይገፋዋል። እናም ሥርዓቱ በጥንቃቄ በተሠራ ቁጥር አረንጓዴው ምልክት የሚናገረው እያነሰ ይሄዳል፤ መልእክቱ መድረሱን እንጂ ሥራ ላይ መዋሉን አይመሰክርም። ሳልዘር፣ ሪድ እና ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት ጥናት ያስረዱት ይህንኑ ነው፦ አንድ ሥራ በትክክል መፈጸሙን ማረጋገጥ የሚችሉት በሁለቱ ጫፍ ያሉት ፕሮግራሞች ናቸው፤ በመካከል ያለው ማጓጓዣ ምንም ያህል ቢጠነክር አይተካቸውም።

እንደልብ የሚበጀው የመልእክት ይዘት ችግሩን ያባብሰዋል። ዋጋውን፣ ሁኔታውን፣ የደንበኛውን ስም እየመረጥን ቅጹን ስንሞላ፣ ተቀባዩ የሚያገኘው የአንድ ቅጽበት ቅጂ ነው። «ተከፍሏል» የሚለው መልእክት ዘገየ እንበል፤ በመካከሉ ደንበኛው ትዕዛዙን ሰርዞ ገንዘቡ ተመለሰለት፤ የስረዛው መልእክት ቀድሞ ይደርስና አሮጌው ቅጂ ከኋላ መጥቶ የተሰረዘውን ትዕዛዝ መልሶ የተከፈለ ያደርገዋል። መልእክቱ የትዕዛዙን መለያ ቁጥር ብቻ ቢይዝ፣ ተቀባዩም በዚያ ቁጥር ምንጩን በጌት ቢጠይቅ፣ አምስት ጊዜም ቢጠይቅ የሚያገኘው ትዕዛዙ ያን ጊዜ ያለበትን ሁኔታ ነው። ለአንድ ትዕዛዝ የሚመጡት ማሳወቂያዎች ተራ በተራ እስከተስተናገዱና የሚጻፈው «ጨምር» ሳይሆን «ሁኔታው ይህ ነው» እስከሆነ ድረስ፣ መደጋገሙም መቀዳደሙም ጉዳት አያመጣም። ደኅንነቱም እንዲሁ ነው። ስትራይፕ ለፊርማው ኤችማክን ይጠቀማል፤ ሰዓቱንም ስለሚጨምርበት ላይብረሪዎቹ ካልተቀየሩ በስተቀር ከ5 ደቂቃ በላይ የቆየን መልእክት አይቀበሉም። በእጅ በሚበጁት ጥያቄዎች ግን ብዙ ጊዜ የፊርማውን ቦታ የሚይዘው የማይለወጥ ቶክን ነው፤ እሱ አንዴ ካመለጠ ያገኘው ሰው ሁሉ «ተከፍሏል» ብሎ መላክ ይችላል። ምንጩን መልሶ በሚጠይቅ ሥርዓት ላይ የሐሰት መልእክት የሚያስከትለው ትርፍ ጥያቄ ማስጠየቅን ብቻ ነው።

ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2021 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ እንደ ቻፓ ያሉ የክፍያ አገናኞችም ከተስፋፉ በኋላ፣ ይህ ጥያቄ በአዲስ አበባ ለሚሠራ ፕሮግራመር የዕለት ሥራው ሆኗል። ቻፓ ማሳወቂያ ከመላኩ ሌላ ግብይቱን በመለያ ቁጥሩ ማረጋገጥ የሚቻልበት መንገድ አለው። ያንን መንገድ መዝለል፣ ገዢው በስልኩ ያሳየውን የባንክ መልእክት አምኖ የራሱን ሒሳብ ሳያይ ዕቃ እንደሚያስረክብ ነጋዴ መሆን ነው። መብራት በሚጠፋበት፣ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ ሰርቨሩን ያስቀመጠ ድርጅት ደግሞ ያልደረሰው ማሳወቂያ መኖሩን የሚያውቀው ከጠየቀ ብቻ ነው።

መልሶ መጠየቅ ትራፊኩን ያበዛል፣ የኤፒአይ ኮታም አለ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው፤ ጊትሃብ ለአንድ ተጠቃሚ በመደበኛነት የሚፈቅደው በሰዓት 5,000 ጥያቄ ነው። ነገር ግን ስለ አንድ ትዕዛዝ ተከታትለው ለመጡ አሥር ማሳወቂያዎች አንድ ጥያቄ ይበቃል፤ ስትራይፕም ያለፉትን 30 ቀናት ኩነቶች በዝርዝር ስለሚሰጥ ያመለጠውን በጅምላ መልቀም ይቻላል። የገንዘብ ልዩነትን በእጅ ፈልጎ ማረም ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ያስወጣል። ሌሎች መፍትሔው ካፍካን የመሰለ የመልእክት ሥርዓት ነው ይላሉ። በአንድ ድርጅት ውስጥ እስማማለሁ፤ ግን ካፍካ የሚሠራበትን መንገድ እንይ፦ መልእክቱን የሚስበው ተቀባዩ ነው፤ የት እንደደረሰ የሚያሳየውም የንባብ ቦታው እየተመዘገበ ስለሚሄድ፣ ወድቆ ሲነሳ ካቆመበት ይቀጥላል። ይህ ለእኔ ሐሳብ ድጋፍ እንጂ ተቃውሞ አይደለም። ለቴሌግራም ቡድን «አዲስ አስተያየት መጥቷል» ብሎ ለሚልክ ጥቃቅን ሥራ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፤ ቢጠፋ ማንም አይጎዳም።

የቀረው የመሣሪያ ሠሪዎቹ ኃላፊነት ነው። አድራሻ፣ ሄደርና ይዘት ብቻ የሚጠይቅ ቅጽ ሠሪውን የሚያስተምረው መላክ ማለት ማድረስ እንደሆነ ነው። ቅጹ አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቅ፦ መልእክቱ ባይደርስ ተቀባዩ የት ሄዶ ያጣራል? «ሞክር» የሚለው አዝራርም አንድ ንጹሕ መልእክት ልኮ አረንጓዴ ከማሳየት ይልቅ፣ ያንኑ መልእክት ሁለት ጊዜ ይላክ፣ የቆየውን ከአዲሱ በኋላ ያድርስ፣ አንዱን ጨርሶ ያስቀር፤ ከዚያ በኋላ በሁለቱም ወገን ያለው መዝገብ አንድ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ምልክቱን ይስጥ።