የበጎ ፈቃድ ሥራና የተግባረ እድ ትምህርት

ሰው በሁለት መንገድ ይማራል፤ በጆሮው እየሰማ፣ በእጁም እየሠራ። በጆሮ የተሰማው ነገር ሳይደገም የቀረ እንደ ሆነ ይረሳል፤ እጅ የለመደው ግን ብዙ ዘመን ቢያልፍም አይጠፋም። ስለዚህ የአንድ አገር ወጣቶች በገዛ ፈቃዳቸው ተነሥተው ያረጀውን ለማደስ፣ ያዘነበለውን ለማቅናት በተሰማሩ ጊዜ ሥራቸው ከሁለት ወገን ሊታይ ይገባዋል። አንደኛው የታደሰው ቤት ነው፤ ሁለተኛውም ቤቱን ያደሰው ወጣት ነው። ቤቱን የሚያይና የሚያደንቅ ብዙ ነው፤ ወጣቱ ምን ሙያ ይዞ ወደ ቤቱ እንደ ተመለሰ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ የሆነው ንፋስ ስልክ ላፍቶ በከተማይቱ ደቡብ በኩል ይገኛል። ስሙም ያለ ሽቦ በአየር ለሚላከው መልእክት አባቶች ካወጡለት ስያሜ የመጣ ነው። በጎፋ፣ በመካኒሳ፣ በለቡና በጀሞ በኩል የሚያልፍ ሰው አሮጌ የጭቃ ቤቶችን ከአዳዲስ ፎቆች ጋራ ጎን ለጎን ያያል። በዚህ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ሌሎቹ ሁሉ፣ ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ወጣቶች በበጎ ፈቃድ አገልግሎት ይሰማራሉ። ችግኝ የሚተክል አለ፤ ደም የሚለግስ አለ፤ የአቅመ ደካሞችንና የአረጋውያንን ቤት የሚያድስ፣ የትምህርት ቤትን ግድግዳ የሚጠግንና የሚቀባም አለ። ይህ የቤት እድሳት ሥራ ከ2010 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ታላላቅ ባለሥልጣኖችም በየጊዜው እየተገኙ እጃቸውን ስላገቡበት በየወረዳው የተለመደ ሆኗል። የትምህርት ሚኒስቴርም «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ በሰየመው ንቅናቄ ትምህርት ቤቶች በሕዝብ ገንዘብና ጉልበት እንዲታደሱ ጥሪ አድርጓል።

መታደስ የሚያሻው ደግሞ የግል ቤት ብቻ አይደለም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለበዓልም ከብት የሚታረድበት የጋራ ቤት ለነዋሪዎቹ ተሠርቶላቸዋል። የሁሉ የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ የማንም ሳይሆን ይቀራልና እንዲህ ያለው ቤት ጠባቂ ያጣ እንደ ሆነ በሩ ይወልቃል፤ ቧንቧው ይደርቃል፤ ጣራው ያፈሳል። የዕድር ቤት፣ የወጣት ማዕከል፣ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ወጣቱ ሊሠራበትም ሊማርበትም የሚችል ስፍራ ከደጁ አጠገብ ሞልቶ ይገኛል።

በኅብረት መሥራት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አዲስ ነገር አይደለም። ደቦና ወንፈል ከጥንት ጀምሮ የነበሩ ናቸው። በኋላም ዘመን ወጣቱ ለሕዝብ አገልግሎት ሁለት ጊዜ በብዛት ተልኳል። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደርጓል። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ለዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ወደ ገጠር ወጥተዋል። ነገር ግን ሁለቱም በፈቃድ የተደረጉ ሳይሆኑ በግዴታ የተደረጉ ነበሩ። ከዚህም በላይ ወጣቱ የሄደው በይበልጥ ሊያስተምር ነው እንጂ ከአናጢና ከግንበኛ እግር ሥር ተቀምጦ ሊማር አልነበረም። የዛሬው የበጎ ፈቃድ ሥራ ከእነዚያ የሚለይበትና የሚበልጥበት መንገድ ቢኖር ይኸው ነው፤ ወጣቱ እየሰጠ ሊቀበል ይችላል።

ይህም ቀላል ነገር አይደለም። በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው በኢትዮጵያ ብዙ ዘመን ተንቆ ኖሯል። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምትሠራዋ፣ ቆዳ የሚፍቀው ሁሉ በሙያው ስም ይሰደብ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን የሚሰድብ እንዲቀጣ ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ይህ ልማድ ለመንግሥት ጉዳት መሆኑን ስለ ተረዱት ነው። ከጠላት ወረራ በኋላም በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው የቴክኒክ ትምህርት ቤት «ተግባረ እድ» የተባለው የእጅ ሥራ ክብር እንዳለው በስሙ እንዲታወቅ ያደርጋል። ዛሬ ስድቡ ቀርቷል ቢባል ንቀቱ ግን ልብሱን ለውጦ አለ። ልጁ በፈተና ያነሰ ነጥብ ያመጣ እንደ ሆነ «እንግዲህ ቴክኒክና ሙያ ይግባ» የሚል ወላጅ ሙያን የሚያየው እንደ ውድቀት ማረፊያ ነው። ይህን አሳብ ከልብ የሚያወጣው ዐዋጅ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት ሁሉ እያየ አንድ ወጣት የጎበጠን ግድግዳ በገዛ እጁ ሲያቀና ነው።

መጻሕፍትን ለሚያውቁ ካህናት ይህ ነገር እንግዳ አይሆንባቸውም። ድንኳኑን የሠራው ባስልኤል በወርቅ፣ በናስና በእንጨት የመሥራት ጥበብ ብቻ ሳይሆን ሌላውን የማስተማር ጸጋም እንደ ተሰጠው በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። ነህምያም የኢየሩሳሌምን ቅጥር ባሳደሰ ጊዜ ከካህናቱ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው ድርሻው ተለክቶ ተሰጥቶታል፤ ብዙዎቹም የሠሩት በየቤታቸው አንጻር ነበር፤ ሥራውም በ52 ቀን ተፈጽሟል። ቅዱስ ጳውሎስም ወንጌልን እየሰበከ ድንኳን መስፋትን አላፈረበትም። ከእነዚህ ሦስት ምሳሌዎች ሦስት ትምህርት ይገኛል፤ ባለሙያ ያስተምር፤ ሥራ በድርሻ ተለክቶ ይሰጥ፤ የተማረም ሰው በእጅ ሥራ አይፈር።

እንግዲህ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መቋሚያ የተሸከመ ሁሉ መሪጌታ እንደማይሆን፣ ስሚንቶ የተሸከመም ሁሉ ግንበኛ አይሆንም። አንድ ወጣት ሦስት ክረምት ሙሉ ድንጋይ ቢያቀብል፣ አሸዋ ቢያመላልስ፣ ቀለም ቢቀባ፣ የሚያሳየው ሰው ከሌለ በአራተኛው ክረምት የሚያውቀው ያንኑ ማቀበልና ማመላለስ ነው። በጎ ሥራ ሠርቷልና ዋጋው በእግዚአብሔር ዘንድ አይጠፋበትም፤ ነገር ግን እንጀራ የሚበላበት ሙያ በእጁ አልገባም። በከተማ ሥራ ፈልጎ ላጣ ወጣት ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ የሰጠው ጊዜ ነውና፤ ጊዜም አይመለስም።

ያለ መምህር የተሠራ ሥራ የሚጎዳው ወጣቱን ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱንም ይጎዳል። የጭቃ ቤት በአብዛኛው የሚበሰብሰው ከሥሩ ነው። ከቆርቆሮው ጫፍ የሚወርደው ውኃ መሬት መትቶ እየተፈናጠረ የቋሚውን እግር ያረጥበዋል፤ ምስጥም ይከተላል። ይህን ያላወቀ ሰው ግድግዳውን በአዲስ ጭቃ መርጎ በኖራ ቢያነጣው ቤቱ ለጥቂት ወር ሙሽራ ይመስላል፤ በማግስቱ ዓመት ግን ያዘነብላል። ባለሙያ ግን አስቀድሞ ሥሩን ይመረምራል፤ የበሰበሰውን ቋሚ ቈርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ያሳርፋል፤ አሸንዳ ይሰቅላል፤ የውኃ መሄጃ ቦይ ይቈፍራል፤ ምርጊቱን የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጭቃው ከጭድ ጋራ ተረግጦ ለጥቂት ቀን መሰንበት እንዳለበት፣ ቆርቆሮ ሲመታ ምስማሩ ውኃ በሚወርድበት ቦይ ሳይሆን በጀርባው ላይ መግባት እንዳለበት፣ የስሚንቶ ልስን ከተለሰነ በኋላ ቀን በቀን ውኃ ካልጠጣ እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀው እርሱ ነው። ቱምቢና ውኃ ልክ ይዞ ከአጠገቡ የቆመ ወጣት ይህን ሁሉ በአንድ ቤት ላይ ሊማረው ይችላል። ስለዚህ የእድሳት ሥራ የሚመዘነው ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን ሳይሆን በሁለተኛው ክረምት ነው።

ስለ ክረምትም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ወጣቶች ከትምህርት የሚያርፉት በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ግን ለምርጊት፣ ለውጭ ልስንና ለውጭ ቀለም እጅግ የማይመቹ ወሮች ናቸው፤ ጭቃው አይደርቅም፤ ቀለሙም በርጥብ ግድግዳ ላይ ከዋለ ይላጣል። ነገሩን ያወቀበት እንደ ሆነ ግን ዝናቡ ራሱ መምህር ይሆናል። ጣራ የት እንደሚያፈስ፣ ውኃ የት እንደሚቋጥር በዝናብ ጊዜ ይገለጣልና። እንግዲህ በክረምት ጣራ መክደን፣ አሸንዳ መስቀል፣ ቦይ መቈፈር፣ በር፣ መስኮትና ወንበር መጠገን፣ ከቤት ውስጥ ያለውን የቧንቧና የመብራት ሥራ ከባለሙያ ጋራ መማር ይቻላል። መሠረትንና ምርጊትን፣ ልስንንና የውጭ ቀለምን ደግሞ ለበጋው የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ማቆየት ይገባል። ሥራ በየወቅቱ ከተከፈለ ወጣቱ ዓመቱን ሙሉ ከሙያው ጋራ ይሰነብታል።

የሚነሡ ተቃውሞዎችም አሉ፤ በንቀት ሊታለፉ አይገባም። አንደኛው፣ ወጣቶች በነጻ የሠሩ እንደ ሆነ በዚያው ሥራ የሚያድረው ግንበኛና አናጢ እንጀራው ይቋረጣል የሚለው ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ግንበኛው ከሥራው የተገለለ እንደ ሆነ ነው፤ አስተማሪ ተደርጎ ደመወዝ የተከፈለው እንደ ሆነ ግን ሥራ ያጣ ሳይሆን ማዕርግ ያገኘ ይሆናል። ሁለተኛው፣ ማስተማር ሥራን ያዘገያል የሚለው ነው። በእርግጥ ያዘገያል፤ ነገር ግን አምስት ቤት አድሶ አምስት ባለሙያ ያወጣ ወረዳ አሥር ቤት አድሶ አንድም ባለሙያ ካላወጣ ወረዳ በኋላ ዘመን ይበልጣል። ሦስተኛው የአደጋ ነገር ነው። ጣራ ላይ የሚወጣና የመብራት መስመር የሚነካ ወጣት ያለ ጠባቂ ሊተው አይገባም፤ መብራቱ ከቆጣሪው ሳይጠፋ ማንም ሽቦ አይንካ። ይህም ደግሞ ባለሙያ ከአጠገብ እንዲኖር የሚያስገድድ ሌላ ምክንያት ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ነገር ተሞክሮ ፍሬ ሰጥቷል። በአሜሪካ በኒው ዮርክ ከተማ ኢስት ሃርለም በሚባለው የድኾች ሠፈር ዶሮቲ ስቶንማን የተባሉ መምህርት በ1978 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከሠፈሩ ወጣቶች ጋራ ሆነው የተተወ ሕንፃ ማደስ ጀመሩ። ከዚያ የተነሣው «ዩዝ ቢልድ» የተባለው ድርጅት ወጣቶች ጊዜያቸውን ከፍለው እኩሌታውን በግንባታ ላይ፣ እኩሌታውን በክፍል ውስጥ እንዲያሳልፉ ሥርዐት አበጀ፤ ሥርዐቱም ወደ ሌሎች አገሮች ተዛመተ። ይህን ያቆመው የገንዘብ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ የእጅ ሥራና ትምህርት ሳይለያዩ መሄዳቸው ነው።

ለኢትዮጵያ ለዚህ የሚሆነው መሠረት ተጥሏል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ዐዋጅ ቁጥር 954/2008 ወጥቷል፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴርም በ2014 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ ለየሙያው ደረጃ ተበጅቶለታል፤ የብቃት ምዘናም አለ። በንፋስ ስልክ ስም የሚጠራም ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። የሚቀረው በጎ ፈቃዱን ከእነዚህ ጋራ ማያያዝ ነው። ይኸውም ለእያንዳንዱ ወጣት አንድ የሥራ መዝገብ ይሰጠው፤ ዛሬ ቋሚ ለወጠ፣ ነገ ልስን ለሰነ፣ ከነገ ወዲያ በር ገጠመ እየተባለ ባለሙያው በፊርማው ያጽድቅለት። መዝገቡ በሞላ ጊዜ ወደ ምዘና ይቅረብ። ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ቤተ ልሔም ሄዶ ካላስመሰከረ መምህር እንደማይባል ካህናት ያውቃሉ። ትምህርቱ በልብ ቢኖርም ምስክር ያሻዋልና። የእጅ ሙያም እንዲሁ ነው። የምስጋና ወረቀት ልብን ደስ ያሰኛል፤ የብቃት ማረጋገጫ ግን ሥራ ያስገኛል።

እንግዲህ የወረዳ ሹማምንት የታደሱትን ቤቶች ብዛት በሚጽፉበት ወረቀት ላይ ሙያ የለመዱትን ወጣቶች ብዛትም አብረው ሊጽፉ ይገባቸዋል፤ የማይቈጠር ነገር አይጠየቅምና። ለዐሥር ወጣት ቢያንስ አንድ ባለሙያ ይመደብ። ባለሙያ የጠፋ የመሰለ እንደ ሆነ በየሠፈሩ በዕድሜ ምክንያት ከሥራ ያረፉ ግንበኞችና አናጢዎች አሉ፤ ጉልበታቸው ቢደክም ዐይናቸው ልክ ነው፤ ቢጠሩ ደስ ብሏቸው ይመጣሉ። ካህናትም በጉባኤያቸው የእጅን ሥራ ክብር ቢያስተምሩ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥርና የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ሲታደስም ወጣቶች በባለሙያ ሥር እንዲማሩበት ቢያደርጉ፣ ዐዋጅ ያልደረሰበትን ልብ ስብከት ይደርስበታል። ወላጆችም ልጃቸው ጭቃ ነክቶት በመጣ ጊዜ ልብሱን ከመቈጣታቸው በፊት ዛሬ ምን ለመድህ፣ ዛሬ ምን ለመድሽ ብለው ይጠይቁ።

የአንዲት አረጋዊት ቤት በታደሰ ጊዜ አንድ ቤት ዳነ። ያንን ቤት ያደሰው ወጣት ግንበኛ ሆኖ በወጣ ጊዜ ግን ገና ያልታደሱት ብዙ ቤቶች የሚያድሳቸውን ሰው አገኙ። በጎ ፈቃድ ከሙያ ጋራ የተገናኘ እንደ ሆነ ፍሬው ከዓመት ዓመት ይበዛል፤ የተለያየ እንደ ሆነ ግን ከክረምቱ ጋራ መጥቶ ከክረምቱ ጋራ ያልፋል።