ግብሩ ለጠጋኙ ይቅለል፤ ለባዶ ቦታ ይክበድ

ገንዘብ ያለው ሰው ቤት ሠርቶ ቢያከራይ ነውር የለበትም። ቤት የሚሠራ ከሌለ ተከራይ የት ያድራል? የእኛ ጥያቄ ግን በሐረር ከተማ ገንዘቡን የት ቢያውለው ለራሱም ለአገሩም ይበጃል? የሚል ነው። ይህን ስንጠይቅ ስለ ግብር ሳናነሣ ማለፍ አንችልም፤ ገንዘብ እንደ ውሃ ቁልቁለቱን ይመርጣልና።

በቅድሚያ ያለፈውን እናስታውስ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተተወለት፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበረው ትርፍ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ድኻው ከከባድ ኪራይ ዐረፈ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በዚያ ጥቂት ኪራይ በድንጋይና በጭቃ የተገነባውን የሐረር ቤት በየጊዜው መጠገን እንደምን ይቻላል? በጁገል ውስጥ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ ለብዙ አባወራ የተከፋፈሉ ቤቶች በከፊል የዚያ ሒሳብ ውጤቶች ናቸው።

ዛሬም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ደንግጎታል። ባለገንዘብ የሚይዘው የመጠቀም መብትን ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ ዐዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ የሰጠው ዘመን 99 ዓመት ነው። ዘመኑ ረዥም በመሆኑ፣ ቦታ አጥሮ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅ ሰው አይጠፋም። ይህ ሰው ለከተማው አንዲት ድንጋይ አላቆመም።

አሁን ወደ ግብሩ እንግባ። የ2008ቱ የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 979 የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ አከራይ ከጠቅላላ ኪራዩ ግማሹን ለጥገናና ለእርጅና እንዲቀንስ ፈቀደለት፤ መዝገብ የያዘው ግን በእርግጥ ያወጣውን እንዲቀንስ ነው። በምሳሌ እናስረዳ። በዚያ ዐዋጅ ስሌት በዓመት 120,000 ብር ኪራይ የሚያገኝ ሰው መዝገብ ከሌለው በ60,000 ብር ላይ ይገብር ነበር። ለጥገና አንድ ብር ባያወጣም ያው፣ 90,000 ብር ቢያወጣም ያው ነበር። እንግዲህ መዝገብ የሌለው ጠጋኝና ቤቱን የሚያስፈርሰው ሰው እኩል ሆኑ ማለት ነው።

ስለዚህ የጁገልን ቤት ለሚያድስ ሰው ምክራችን ይህ ነው። አንደኛ፣ ከግንበኛው ጋር ሒሳብ ዐዋቂም ይያዝ፤ ደረሰኙን አይጣል። ሁለተኛ፣ በጭቃ በተያያዘ ግንብ ላይ ሲሚንቶ አይለስን፤ ሲሚንቶው እርጥበቱን ዐፍኖ ግንቡን ይጎዳዋልና፣ የዛሬው ቁጠባ የነገ ኪሣራ ይሆናል። ሦስተኛ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 209 የቅርስ ጥገና ያለ ፈቃድ እንዳይካሄድ ደንግጓልና፣ ከመዶሻው በፊት ፈቃዱ ይቅደም።

ስጋታችን በሌላ በኩል ነው። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ ዐዋጅ ጸደቀ፤ ይህ ግብር በንብረቱ ዋጋ ላይ የሚጣል ነው። ጁገል ደግሞ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ስሙ ገንኗል፤ ስም ሲገን ዋጋ ይከተላል። በአባቶቻቸው ቤት፣ በነደባው ላይ ተቀምጠው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት እናት ከቤታቸው ክብር የሚያገኙት ገንዘብ የለም። ስለ ክብሩ ግን ግብር ቢበዛባቸው ሸጠው ከመውጣት በቀር ምን ያደርጋሉ? እንዲህ እያለ ቤቱ ሁሉ ወደ ሱቅ ከተለወጠ ግንቡና በሮቹ ይቀራሉ፤ ከተማው ግን ይጠፋል።

«ግብር ከቀረ መንገዱና ውሃው በምን ይሠራል?» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው፤ እኛም ግብር ይቅር አላልንም። የምንለው፣ ክልሉ ተመኑን ሲያወጣ ባለቤቱ ለሚኖርበትና በሥርዓቱ ለታደሰው የጁገል ቤት ያቅልል፤ የጎደለውን ከግንቡ ውጭ ታጥሮ ከተቀመጠው ባዶ ቦታ ይሙላ ነው። የቀበሌ ተከራይም ምትክ ቤት ሳያገኝ በእድሳት ስም አይውጣ።

የሕግና የሒሳብ መምህሮቻችን ይህን ተመን አጥንተው ለክልሉ ምክር ቤት ሐሳብ ቢያቀርቡ አገርን ይጠቅማሉ። ቤቶቹን ከበር እስከ በር ዞሮ መቁጠርና መለካት ቢያስፈልግ፣ ለዚያ እኛ ተማሪዎቹ አለን።