«ይቺ እሷ አይደለችም!»

የዛሬው ጉዳያችን እንደ ወትሮው የፍቅር ወይም የትዳር አይደለም፤ የቴሌቪዥን ነው። «ደግሞ ቴሌቪዥን ምን ያስመክራል?» እንዳትሉኝ። ጨርሱትና ትፈርዳላችሁ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው ሳምንት አንዲት ወጣት ልታነጋግረኝ መጣች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ቢሆን ነው። ገና ከመቀመጧ ዓይኗ እንባ አቀረረ። የባል ወይም የጓደኛ ጣጣ መስሎኝ ነበር። «ኧረ ጋሼ፣ ቴሌቪዥን ገዝቼ ነው» አለችኝ። ልስቅ ምንም አልቀረኝ! በኋላ ግን ሳቄን ዋጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቷ ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበት ምስል ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ በ1989 ዓ.ም. በአክስቷ ሠርግ ላይ የተቀረጸ የቪዲዮ ካሴት። ኋላ ላይ በዲቪዲ ተገልብጧል። አባቷ በዓል በመጣ ቁጥር በአሮጌዋ ወፍራም ቴሌቪዥን ያዩታል። አሮጌዋ ስትበላሽ ልጅት የዕቁብ ገንዘቧን አውጥታ ሃምሳ አምስት ኢንች ፎር ኬ ገዛችላቸው። የፋሲካ ዶሮ ተበልቶ ሲያበቃ ዲቪዲው ተከፈተ። አባት አንድ ደቂቃ ያህል አዩና፣ «ይቺ እሷ አይደለችም» ብለው ተነስተው ወደ መኝታ ቤት ገቡ።

«እውነቱን እኮ ነው ጋሼ! ፊቷ ሰፍቷል፣ ከሰል መስሏል፣ የፀጉሯ አሠራር እንኳ አይታይም።» ሻጩ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም ብሏታል። አንድ ባለሙያ ነኝ ባይ ደግሞ «ፓነሉ የማይረባ ነው፤ ሸጠሽ ውዱን ግዢ» ብሎ መክሯታል። በኪሳራ የሚገዛት አግኝታ ሰኞ ልታስረክብ ተቀጣጥራለች። እኔ ደግሞ ከድሮም ቴሌቪዥን የመነካካት አባዜ አለብኝ። «እስከ እሁድ ታገሺኝ» አልኳትና እሁድ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ።

እስቲ መጀመሪያ ይህን እወቁልኝ። «ኤልኢዲ» እየተባለ የሚሸጠው አብዛኛው ቴሌቪዥን ኤልሲዲ ነው፤ ኤልኢዲው ከጀርባ ያለው መብራት ብቻ ነው። የኤልሲዲ ነጥብ በራሱ አይበራም። ከመብራቱ ፊት፣ በሁለት የብርሃን ማጣሪያዎች መሐል ፈሳሽ ክሪስታል አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው አቀማመጡን ይለውጥና ብርሃኑን ያሳልፋል ወይም ይከለክላል፤ ልክ እንደ መስኮት መዝጊያ። ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ቀለሙን ይሰጡታል። ታዲያ ይህ መዝጊያ ግጥም ብሎ አይዘጋም፤ ጥቂት ብርሃን ይሾልካል። ጥቁሩ ግራጫ የሚመስለው ለዚህ ነው።

አሁን ሪሞቱን አነሳሁ። የመጀመሪያው ጥፋት የፊቱ መስፋት ነበር። የድሮ ካሴት ቅርጹ 4 ለ 3 ነው፤ የዛሬው ስክሪን 16 ለ 9። ስክሪኑን ይሙላ ሲባል ሰው ሁሉ በሲሶ ይሰፋል። ወደ 4 ለ 3 መለስኩት። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆነ፤ ፊታቸው ግን ቦታው ገባ። ልጅት አፏን በእጇ ያዘች።

ሁለተኛው «ቪቪድ» የሚሉት ነው። እሱ ለሱቅ የተሠራ ነው፤ በደማቅ መብራት ከሌሎች ቴሌቪዥኖች መሐል ጎልቶ ገዢ እንዲጠራ። ነጩን ወደ ሰማያዊ ይወስደዋል፤ ጠይም ፊት ደግሞ አመድ ይመስላል። «ሙቪ» ወይም «ሲኒማ» አድርጉት፤ የቀለሙን ሙቀት «ዋርም»።

ሦስተኛው ጥቁሩ ነው። በብዙዎቹ ላይ «ብራይትነስ»፣ በአንዳንዶቹ ላይ «ብላክ ሌቨል» ይባላል። ሲበዛ ጥቁሩ ጭስ ይሆናል፤ ሲያንስ ፀጉርና ፊት ተዋህደው ይጠፋሉ። መለኪያዬ የሟቿ ሹሩባ ሆነ። መስመር መስመሩ እስኪለይ ድረስ ቀስ እያልኩ ከፍ አደረግኩት። ለነጩ ደግሞ ነጠላቸውን አየሁ። «ኮንትራስት» ሲበዛ ነጠላው እንደ ወረቀት ነጭ ብቻ ነበር፤ እጥፋቱ እስኪታይ ቀነስኩት። እናንተም በቤታችሁ ሹሩባና ነጠላ ፈልጉ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም!

አራተኛው «ሻርፕነስ» ነው። ሰው ጥራት የሚጨምር ይመስለውና እስከ ላይ ይሰቅለዋል። የዲቪዲው ምስል 720 በ576፣ ማለትም 414,720 ነጥብ ነው። የፎር ኬው ስክሪን 8,294,400 አለው፤ ሃያ እጥፍ! የጎደለውን ቴሌቪዥኑ በግምት ነው የሚሞላው። ሻርፕነስ የሌለ ዝርዝር አያመጣም፤ ጠርዙ ላይ ነጭ መስመር ነው የሚያሰምረው። ዝቅ አድርጉት።

የመጨረሻው ወንበሩ ነው። የአባት ወንበር በሩ አጠገብ ጥግ ላይ ነች። «ቪኤ» የሚባለው ፓነል ፊት ለፊት ሲታይ ጥቁሩ ጥሩ ነው፤ ከጎን ሲታይ ግን ይገረጣል። «አይፒኤስ» የሚባለው ከጎንም ብዙ አይለወጥም፤ ጥቁሩ ግን ደከም ይላል። የእነሱ ከጎን ይገረጣል። የአባትን ወንበር የሚያንቀሳቅስ ስላልነበረ ቴሌቪዥኑን ወደ እሳቸው አዞርነው። የመስኮቱንም መጋረጃ ዘጋን።

አባት ተጠሩ። እያመነቱ መጡና ተቀመጡ። ሙሽሮቹ ገቡ፣ ጭብጨባው ቀለጠ፣ ከዚያ ሟቿ ድፎ ተሸክመው ብቅ አሉ። አባት ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ቀጥለው፣ «ያን ቀን ሹሩባውን ስትሠራ አምሽታ አስጠበቀችኝ። ተጣልተን ነበር የሄድነው» አሉ። ልጅት ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር። ሰኞ ቴሌቪዥኑን አላስረከበችም።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ምስሉ አሁንም ደብዘዝ ያለ ነው። የሃያ ዘጠኝ ዓመት ካሴት ምንም ቢነካካ አዲስ አይሆንም፤ አንድ ሚሊዮን ብር የሚያወጣ ቴሌቪዥንም አያድሰውም። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ቴሌቪዥን ከመሸጣችሁ በፊት ሪሞቱን አንሱ። እቤታችሁ ካሴት ካለ ሳይበላሽ ዛሬውኑ አስገልብጡ፤ ቅጂውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡ። «ፊት አጠራለሁ» የሚል የስልክ ፕሮግራም ስትጠቀሙ ግን ዋናውን እንዳታጠፉ። ፕሮግራሙ የጎደለውን ከራሱ ፈጥሮ ነው የሚሞላው፤ የእናታችሁን ዓይን በሰው ዓይን ሊለውጠው ይችላል።

ሳምንት በሌላ ጉዳይ እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!