በመዝሙሩ መካከል ያለው ስፍራ የማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ የዳሪሙ ወጣቶች፣ በዛሬ መዝሙሮች መካከል ዘማሪው ዝም ይልና ኪቦርድ ለብቻው ይጫወታል። «ዳዊትስ በመሣሪያ አላመሰገነምን?» ትሉ ይሆናል። አመስግኗል፤ በገናችንም ምስክር ነው። ነገር ግን ያ ስፍራ የተቀባዩ ምእመን ነበር፤ መሣሪያ ሲወስደው ዘማሪው ሕዝብ አድማጭ ይሆናል።

በቅዱስ ያሬድ ሥርዓት ዜማው አስቀድሞ በቁም ይዜማል፤ ከበሮና ጸናጽል የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በዐቢይ ጾምም ዝም ይላሉ። የትንሣኤ ከበሮ ልብን የሚያናውጠው ከእኛ ጋር ስለ ጾመ ነው። በሁዳዴም በፋሲካም እኩል የሚጮኽ ኪቦርድ ግን ከማን ጋር ጾመ?

እንግዲህ በሚቀጥለው ልምምዳችን ኪቦርዱን ዘግተን ስፍራውን እኛው በመቀበል እንሙላው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።