ባሕር የጠበቀው ደም

ከጣልያን የየብስ ክፍል በስተ ምዕራብ፣ በሜዲቴራኒያን ባሕር መካከል በምትገኘው በሰርዲኒያ ደሴት፣ ልጅዋ ሌሊት እየተነሣ ውሃ ውሃ ሲል፣ ከተወው ዓመታት ያለፉት የመኝታ ሽንት ሲመለስበት፣ ሱሪውም ከወገቡ እየሾለከ ሲያስቸግረው ያየች እናት፣ ነገሩን የሙቀት ወይም የዕድገት ነው ብላ አታልፈውም፤ ምልክቱን በዘመድ ወይም በጎረቤት ልጅ ላይ አስቀድማ ያየች ብትሆን አያስደንቅምና። (ይህን ደዌ እኛ በልማድ «ስኳር» ብለን መጥራታችን እያሳሳተን ጣፋጭ ከማብዛት የመጣ ይመስለናል፤ ዓይነት አንድ የሚባለው ግን የሰውነት ጠባቂዎች ወገንን ከባዕድ መለየት ተስኗቸው፣ በቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመነጩትን ሕዋሳት እንደ ጠላት ሲፈጁ የሚመጣ ደዌ ነው።)

ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች ከሆነ 100,000 የሰርዲኒያ ሕፃናት መካከል በየዓመቱ 40 ያህሉ ይያዛሉ፤ ይህም ደሴቲቱን ከፊንላንድ ቀጥለው ከሚጠሩት ጥቂት አገሮች ጋር ያሰልፋታል፤ የጣልያን የየብስ ክፍል ግን የዚህን ሲሶ ያህል ቢደርስ ነው። ምክንያቱ ደሴትነት ነው የሚል ቢኖር፣ ጃፓንም የደሴቶች አገር መሆንዋን ያስብ፤ በዚያ ከ100,000 ሕፃናት የሚያዙት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ናቸው። እንግዲህ ባሕር በራሱ ደዌ አያመጣም፤ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ጥንታውያን ሰፋሪዎች ይዘውት የገቡትን ዘር በብዙ ሺህ ዓመታት ውስጥ ከሌላው እምብዛም ሳይቀላቅል መጠበቅ ነው፤ ከዚያም ርስት መካከል ሊቃውንት ዲ.አር.3 የሚሉት፣ ሰውነት የራሱን ከባዕድ በሚለይበት ሥርዓት ውስጥ የሚሠራ፣ ለዚህ ደዌ የሚያጋልጥ የዘረመል ዓይነት በብዛት ይገኛል።

በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ለዚህ ዐቢይ ምስክር ነው፤ ወላጆቻቸው ከደሴቲቱ ወጥተው በሮማ ዙሪያ ባለው በላዚዮ የሰፈሩ፣ እነርሱም በዚያው ተወልደው በዚያው አየርና ውሃ ያደጉ ልጆች፣ አባትና እናታቸው ሰርዲኒያውያን ሲሆኑ ከአገሩ ልጆች በአራት እጥፍ፣ አንዱ ወላጅ ብቻ ሲሆን በሁለት እጥፍ ያህል ሲታመሙ ተገኙ።

ነገር ግን ደምን ብቻ የሚከስ ሰው፣ ለውትድርና የተጠሩ የደሴቲቱ ወጣቶች መዝገብ ፊት ሲቆም መልስ ያጣል፤ በመዝገቡ የደዌው መብዛት የሚጀምረው በ1950 ገደማ ከተወለዱት ነውና። የሮክፌለር ድርጅት የረዳው የዲዲቲ ዘመቻ ደሴቲቱን ከወባ ያላቀቃትም ከ1946 እስከ 1950 ባሉት ዓመታት ነበር፤ ስለዚህ ወባን ለዘመናት ሲዋጋ የኖረ የሰውነት ጭፍራ፣ ጠላቱ ሲያልቅበት ሰይፉን በገዛ ቤቱ ላይ መለሰ የሚሉ አሉ። አሳቡ ያምራል፤ እኔ ግን ያን የመሰለ የወባ ታሪክ የሌላት ፊንላንድ በዚያው ዘመን ተመሳሳይ ጭማሪ ማየትዋን ሳስብ፣ ማማሩን ራሱን እጠረጥራለሁ። ዘር በአንድ ትውልድ አይለወጥም፤ የተለወጠው አኗኗር ነው፤ ባሕሩ ጠብቆ ያቆየውን ደረቅ እንጨት የለኰሰው እሳት በ20ኛው መቶ ዓመት የገባ ነው ባይ ነኝ።

የጣልያን ምክር ቤት በ2023 ያወጣውን ሕግ ተከትሎ በሰርዲኒያም በተጀመረው ምርመራ፣ የሁለት፣ የስድስትና የዐሥር ዓመት ሕፃናት ከጣታቸው ጫፍ ጥቂት የደም ጠብታ ሰጥተዋል፤ ጥማቱ ከመምጣቱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በፊት፣ በቆሽት ላይ የተነሣው ጭፍራ በዚያች ጠብታ ውስጥ ይታያል። እንዲህ አስቀድሞ የታወቀለት ልጅ ሌሊት ተነሥቶ ውሃ ሲል፣ እናቱ ወዴት እንደምትወስደው ታውቃለች።