ደህና ነህ? ወይስ ደህንነት ነህ?

እስቲ ልጠይቃችሁ። ካፌ ቁጭ ብላችሁ ስለ ኑሮ ውድነት እያወራችሁ፣ አንዱ ጓደኛችሁ ድንገት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቀስ በሉ፣ ከኋላችን ያለው ሰውዬ ደህንነት ነው» ብሏችሁ አያውቅም? መቼም ያላጋጠመው የለም። ሰውዬው ምን አጠፋ? ብቻውን ተቀምጧል፣ ጋዜጣ ይዟል፣ ማኪያቶውን ቶሎ አልጨረሰም። በቃ!

ቃሉን ልብ በሉልኝ። «ደህና» ከሚለው የወጣ ነው። ጠዋት «ደህና አደርክ?» የምንባባልበት፣ ስንለያይ «ደህና ሁን» የምንልበት ቃል ልጅ ነው። እንዴት ስድብ ሆነ?

በንጉሡ ዘመን ወሬ አመላላሹ «ጆሮ ጠቢ» ይባል ነበር። ስሙ ሥራውን ይናገራል። ደርግ ግን የስለላ መሥሪያ ቤቱን «የሕዝብ ደህንነት ጥበቃ ሚኒስቴር» አለው። የምሥራቅ ጀርመኑ የስለላ ድርጅት፣ ሽታዚ፣ ሰዎቹን ያሠለጠነለት መሥሪያ ቤት ማለት ነው። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወደቀ፤ ቃሉ ግን አልወደቀም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅም ተቋሙን «ብሔራዊ የመረጃና ደህንነት አገልግሎት» ብሎ አቋቋመው። ሕዝቡ ረጃጅሙን ስም ሁሉ ቆርጦ አንዷን ቃል አስቀረ። መጀመሪያ «ደህንነት ወሰደው» ይባል ነበር፤ መሥሪያ ቤቱን ማለታችን ነው። ቆይቶ «እሱ እኮ ደህንነት ነው» ተባለ። መሥሪያ ቤቱ ሰው ሆነ።

ፍርሃቱ ከሜዳ አልመጣም። በቀይ ሽብር ጊዜ አንድ ጠቋሚ የሰፈር ልጆችን አስጨርሷል። በኢሕአዴግ ዘመን አንድ ለአምስት የሚባል አደረጃጀት ጎረቤትን በጎረቤት እንድንጠረጥር አድርጎናል። ሰኔ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ራሳቸው ፓርላማ ቀርበው፣ ሰው መግረፍና ጨለማ ክፍል ማስቀመጥ የመንግሥት የሽብር ሥራ እንደነበር ተናግረዋል። ስለዚህ «ሰዎች ዝም ብለው ይፈራሉ» የሚል ካለ አልሰማውም።

የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ይህን ስድብ የምንወረውረው በማን ላይ ነው?

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ዶርማችን ውስጥ አንድ ዝምተኛ ልጅ ነበር። ስልክ ሲደወልለት ወደ ውጭ ይወጣል። አንድ ማታ አንዳችን «ይሄ ልጅ ደህንነት ሳይሆን አይቀርም» አለ። ሳቅን። ከዚያ በኋላ ግን እሱ ሲገባ ወሬ ማቆም ጀመርን። ካፌ ውስጥ ትሪውን ይዞ ብቻውን ይቀመጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ! በምረቃችን ቀን «አብረን ፎቶ እንነሳ» ብሎ ሲጠይቀን ሰበብ ፈልገን ሸሸን። ደህንነት ነበር? እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት ነበር። ምናልባትም የምትደውልለት ፍቅረኛው ነበረች።

ሌባ ያላችሁት ሰው «የሰረቅኩትን አሳዩኝ» ይላል። «ደህንነት ነህ» የተባለ ግን መልስ የለውም። አይደለሁም ካለ «ታዲያ ነኝ ሊል ነው?» እንላለን። ዝም ካለ አመነ። ከተቆጣ ተነቃበት። ዋሽንግተን ዲሲ ያለው ሐበሻም ቢሆን ይህን ስድብ ከሻንጣው ጋር ይዞት ሄዷል።

ጀርመኖች ምን አደረጉ? የበርሊን ግንብ እ.አ.አ. በ1989 ከፈረሰ በኋላ ሕግ አወጡ፤ ከ1992 ጀምሮ ማንም ሰው ሽታዚ ስለ እሱ የጻፈውን ፋይል ማንበብ ቻለ። ፋይሉ ቢደረደር 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፖለቲከኛዋ ቬራ ቮለንበርገር የገዛ ባሏ ሲሰልላት እንደኖረ ያረጋገጠችው ከፋይሏ ነው። መራራ ነው። ግን ማስረጃ ነው፤ እዚያ «ሽታዚ ነበርክ» ለተባለ ሰው የሚፈርድ ወረቀት አለ።

እኛስ? የደርግ ባለሥልጣናት ሲከሰሱ ሰነዶች ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ተራው ዜጋ ግን «ስለ እኔ የጻፋችሁትን አሳዩኝ» የሚልበት ሕግ የለውም። ፋይሉ ስለተዘጋ ፈራጁ ሐሜት ሆነ። እውነተኛው ጠቋሚ በዚህ ተጠቀመ፤ ሁሉም ሰው ከተጠረጠረ ማን ይለየዋል?

ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። መንግሥት የድሮውን ፋይል ለባለቤቱ የሚከፍት ሕግ ያውጣ። እኛ ደግሞ እስከዚያው ምላሳችንን እንሰብስብ። እርስ በርስ እንድንፈራራ ማድረግ የስለላ ድርጅት ዋና ሥራ ነው፤ እኛ ያለ ደመወዝ እየሠራንለት ነው።

ያ ብቻውን የተቀመጠ ሰውዬ ነገም ካፌው ውስጥ ካለ፣ እስቲ «ደህና ዋልክ?» በሉት። ምናልባት የሚያናግረው ሰው አጥቶ ይሆናል።