ላፕቶፑ ይቆይ፣ መጀመሪያ ቅዳሜያችንን እንስጥ

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ፉትስክሬይ ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። አብዛኞቻችን በኮምፒውተር ሙያ እንጀራ የምንበላ ነን፤ ሁለቱ ደግሞ ገና ዩኒቨርሲቲ ናቸው። ወሬያችን አገር ቤት ላለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያገለገሉ ላፕቶፖች ሰብስቦ ስለመላክ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ሁሉም ቶሎ ተስማማ። ስለ ማጓጓዣውና ስለ ጉምሩኩ ማውራት እንደጀመርን አንዷ ተማሪ «እዚሁ አስኮት ቬል ያሉት ልጆችስ?» አለች። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ አንዱ «እነሱማ አውስትራሊያ ናቸው፣ ምን ጎደላቸው?» ብሎ መለሰ። ብዙዎቻችን በመስማማት ራሳችንን ነቀነቅን፣ እኔም ጭምር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ራስ መነቅነቅ እስካሁን ስለሚያሳፍረኝ ነው።

አስኮት ቬልን ለማታውቁት፣ ከመሀል ሜልበርን በስተሰሜን ምዕራብ ያለ ሰፈር ነው። የሜልበርን ሾውግራውንድስ እዚያው ነው። ዩኒየን ሮድን ይዞ ለሚያልፍ ሰው ካፌውና ውድ ቤቱ ነው ቶሎ የሚታየው። በዚሁ ሰፈር ውስጥ ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቪክቶሪያ ቤቶች ኮሚሽን መሥራት የጀመራቸው ፎቃቸው ዝቅ ያለ የመንግሥት ኪራይ ቤቶች አሉ። ከምሥራቅ አፍሪካ የመጡ ቤተሰቦች ይኖሩባቸዋል፤ የእኛም ሰዎች አሉ። ልጆቻቸው የሚማሩት በአቅራቢያው ባሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ነው።

ታዲያ ምን ጎደላቸው? ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አለው። በአውስትራሊያ ሥርዓተ ትምህርት «ዲጂታል ቴክኖሎጂስ» የሚባለው ትምህርት እስከ 8ኛ ክፍል ለሁሉም ተማሪ የተደነገገ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ምርጫ ይሆናል። «ምርጫ» የምትለዋ ቃል ቀላል ትመስላለች። 14 ዓመት የሆናት ልጅ ግን የምትመርጠው ከምታውቀው ውስጥ ነው። አባቷ ሶፍትዌር ኢንጂነር የሆነ የክፍል ጓደኛዋ እራት ላይ የሚሰማውን ነገር እሷ አትሰማም። ነርስ ታውቃለች፣ ሹፌር ታውቃለች፣ አካውንታንት ታውቃለች። ፕሮግራመር የሆነች፣ እናቷን የምትመስል ሴት ግን አይታ አታውቅም። እንዲህ ሲሆን ያቺ ቅጽ ላይ የምታደርጋት ምልክት ብዙ በር ትዘጋለች። ማንም አልከለከላትም እኮ። ማንም አልነገራትም እንጂ።

ከዚያ እሑድ በኋላ ጥቂት ሆነን ጀመርን። አንድ አዳራሽ ተፈቀደልን፣ ላፕቶፕ ከየቤታችን አመጣን፣ ማስታወቂያ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለጠፍን። በመጀመሪያው ቅዳሜ ክፍሉ ሞላ። ፎቶ ተነሳን፣ ቴሌግራም ላይ ለቀቅነው፣ ተመሰገንን። በአምስተኛው ቅዳሜ ሦስት ሴት ልጆች ብቻ ቀሩ።

«ፍላጎት የላቸውም» ለማለት ቸኩለን ነበር። ደግነቱ ከመካከላችን አንዷ እናቶቹንና ልጆቹን ዞራ ጠየቀች። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ እናት «እህቴ፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ፈረቃ ነኝ። ትልቋ እናንተ ጋ ከመጣች ትንንሾቹን ማን ይይዝልኛል?» አለቻት። አንዷ ልጅ ደግሞ «ወንዶቹ ማውሱን አይለቁም፣ እኔ ከኋላ ቆሜ ነው የማየው» አለች። እኔን ያደማኝ ግን የሦስተኛዋ ነው፦ «በየሳምንቱ አዲስ ሰው ይመጣል። በየሳምንቱ ስሜን ይጠይቀኛል።»

እነዚህ ሦስት መልሶች ከማናቸውም የኮዲንግ መጽሐፍ የበለጠ አስተምረውናል። ችግሩ የላፕቶፕ ቁጥር አልነበረም። የእኛ ሰዓት፣ የእኛ አደራረግና የእኛ መመላለስ ነበር ችግሩ። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ ከሰዓት በኋላ አዞርነው። ለታናናሾቹ ወረቀትና ከለር ያለው ጠረጴዛ ጥግ ላይ አደረግን፤ ትልቋ ልጅ እነሱን ይዛ መምጣት ቻለች። ክፍሉን የሴት ልጆች ብቻ አደረግነው። ዋናው ደግሞ፣ ሁለት ሴቶች ዓመቱን ሙሉ በየቅዳሜው እነሱው ሆነው ለመምጣት ቃል ገቡ። እኛ ወንዶቹ ወንበር መደርደር፣ ዋይፋይ ማስተካከልና ቡናውን ማቅረብ ተመደበልን። መጀመሪያ ቅር ብሎን ነበር፣ አልዋሽም። አሁን ትክክለኛው ድልድል እንደሆነ አምናለሁ።

እናቶቹም ቡናውን ብለው መግባት ጀመሩ። አንድ ቀን «ስክራች» የሚባለውን፣ ልጆች ትእዛዞችን እንደ ጡብ እየገጣጠሙ ፕሮግራም የሚሠሩበትን ነፃ ሶፍትዌር፣ ቋንቋውን ወደ አማርኛ ቀየርንላቸው። አዎ፣ ስክራች በአማርኛም አለ። እዚህ ተወልዳ ፊደል በቅጡ የማታነብ አንዲት ልጅ ዞር አለችና «እማዬ፣ ይሄ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች። እናትየው መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ ብላ አነበበችላት። እንግሊዝኛ በሞላው በዚህ አገር የልጇን የቤት ሥራ ማገዝ ያቃታት እናት፣ በኮምፒውተር ጉዳይ ተጠያቂ ሆነች። በሚቀጥለው ሳምንት ያቺ እናት ልጇን ያመጣቻት ማንም ሳይጎተጉታት ነው።

ይህ የእኛ ትንሽ ነገር ነው። ትልልቆቹን ስናይም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆኑት አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ጄላኒ ኔልሰን በ2011 አዲስ አበባ ላይ «አዲስኮደር»ን ጀመሩ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በክረምት አራት ሳምንት ያህል ፕሮግራሚንግና አልጎሪዝም በነፃ የሚያስተምር ነው። ከውጭ አገር ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በፈቃዳቸው እየመጡ ያስተማሩ ብዙ ናቸው። ዝናው የተገነባው አስተማሪዎቹ ከየት እንደመጡ በመነገሩ ብቻ አይደለም። አንድ ክረምት ታይቶ ሳይጠፋ በመመለሱ ነው። እዚሁ አውስትራሊያም በ2008 ሲድኒ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ገርልስ ፕሮግራሚንግ ኔትወርክ» አለ። ሴት ተማሪዎችና ባለሙያዎች በበጎ ፈቃድ ልጃገረዶችን በነፃ ያስተምራሉ፤ ከሲድኒ ወደ ሌሎች ከተሞችም ተስፋፍቷል።

ቤተልሔም ደሴንም እናስታውስ። ሐረር ተወልዳ በልጅነቷ ከኮምፒውተር ጋር የተዋወቀችው በአባቷ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ውስጥ ነው። በኋላ አዲስ አበባ አይኮግ ላብስ ገብታ ለልጆች ኮዲንግ የሚያስተምረውን «ኤኒዋን ካን ኮድ»ን መርታለች። ስለ እሷ ስናወራ «ብሩህ ልጅ» ብለን እናልፋለን። ብሩህነቷ አያጠያይቅም፤ ግን የተከፈተ ሱቅ፣ የምትነካው ዕቃና «አትንኪ» የማይላት አባት ነበሯት። አስኮት ቬል ላለችው ልጅ ያ ሱቅ የታለ? ያንን ሱቅ መሆን የምንችለው እኛ ነን።

የሚነሱብንን ጥያቄዎች አውቃለሁ። «ለምን ሴቶች ብቻ? ወንዶቹም እኮ ያስፈልጋቸዋል» ይባላል። እውነት ነው፣ ሌላ ቀን ይያዝላቸው። አንድ ላይ ስናደርጋቸው ግን ማውሱ የማን እጅ ላይ እንደሚውል አይተናል።

ሁለተኛው «አሁን ኮዱን ኤአይ ይጽፈዋል፣ ምን ያደርግላቸዋል?» የሚለው ነው። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። አዲስ አበባ የተወለደችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በ2018 ያወጣችውን ጥናት አስታውሱ። ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የታወቁ ኩባንያዎች ሥርዓቶች ነጣ ባለ ቆዳ ወንዶች ላይ የሚሳሳቱት ቢበዛ 0.8 በመቶ ነበር። ጠቆር ባለ ቆዳ ሴቶች ላይ ግን ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደርሷል። ማሽኑ የሚሳሳተው በእነዚሁ ልጆቻችን ፊት ላይ ነው ማለት ነው። «ይሄ ነገር ተሳስቷል» ብላ በማስረጃ የምትናገረዋ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ የምታውቀዋ ናት። ያ እውቀት ደግሞ በአንዲት ትንሽ ፕሮግራም ይጀምራል፦ ለምን እንዳልሠራች መፈለግ፣ ማረም፣ እንደገና መሞከር።

ሦስተኛው «ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው» የሚለው ነው። ይሁን፣ መንግሥት የራሱን ይሥራ። መንግሥት ግን ለእናትየው ፊደሉን ጎንበስ ብሎ አያነብላትም፤ የልጅቷን ስም በትክክል አይጠራም። ያ የእኛ ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ?

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። በቪክቶሪያ ከልጆች ጋር ለመሥራት የሚያስፈልገው «ወርኪንግ ዊዝ ቺልድረን ቼክ» ለበጎ ፈቃደኛ በነፃ ነው፣ ለአምስት ዓመትም ያገለግላል። ያለ እሱ ማንም ክፍል አይግባ። አንድ አዋቂም ብቻውን ከልጆች ጋር አይሁን። ቦታ ከፈለጋችሁ በየሰፈሩ ያለውን የማኅበረሰብ ማዕከል ጠይቁ። ከተርም መጨረሻ አንዱን ቀን ስፖትስውድ ወዳለው ሳይንስዎርክስ ውሰዷቸው፤ ከፉትስክሬይ በባቡር ጥቂት ፌርማታ ነው። የአውስትራሊያ የመጀመሪያው ኮምፒውተር ሲሲራክ እዚያ አለ። ከ1956 ጀምሮ እስከ 1964 በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ያገለገለ፣ ክፍል የሚያህል ማሽን ነው። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ስልክ ከየት እንደተነሳ በዓይናቸው ያያሉ።

ለተማሪዎቹ እህቶቼ አንድ ቃል፦ «ገና ተማሪ ነኝ፣ ምን አውቄ አስተምራለሁ?» አትበሉ። የ13 ዓመት ልጅ ከ45 ዓመት ኢንጂነር ይልቅ የ20 ዓመቷን እናንተን ታምናለች። ለእኛ ለባለሙያዎቹ ደግሞ፦ አንድ ቀን መጥቶ አነቃቂ ንግግር አድርጎ መሄድ ይቅር። ዓመቱን የማትችሉ አንድ ተርም ያዙ፤ ተርሙን የማትችሉ ወንበር ደርድሩ፣ ልጆቹን በመኪና አድርሱ። የማትችሉትን ቃል ግን አትግቡ። ልጆቹ ይቆጥራሉ።

ላፕቶፖቹንም ላክናቸው፤ አገር ቤትን እርሱ ማለቴ አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ የቅዳሜው ክፍልም ዛሬ ሙሉ ባይሆንም ባዶ አይደለም። ያቺ «በየሳምንቱ ስሜን ይጠይቀኛል» ያለችው ልጅ ተመልሳ መጥታለች። ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ናት፣ የምርጫ ቅጹ በቅርቡ ይደርሳታል። የትኛውን እንደምትመርጥ አላውቅም፤ የእሷ ጉዳይ ነው። ስትመርጥ ግን የምትጠይቃት አንዲት ሴት አለቻት።